የአባቴ ሁለተኛ ዓይን

አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። እናቴ እንደምትለው ጡት ስትሰጠኝ እንኳ አንዱን ሳልጨርስ ወደ ሌላው እዞር ነበር። ዛሬም ያው ነኝ። ቡሬ ስሆን ፍኖተ ሰላም ይናፍቀኛል፤ ፍኖተ ሰላም ስደርስ ደግሞ አቧራውን እያስነሣ ወደ ደምበጫ የሚሄደውን አውቶቡስ ከዓይኔ እስኪጠፋ እከተለዋለሁ፤ ማን እንዳለበት እንኳ ሳላውቅ በተሳፈሩት ሁሉ እቀናለሁ። ስለዚህ በባዕድ አገር፣ በባሕር ጫፍ ስላለች ከተማ የሥዕል ትርዒት ልጽፍ ስነሣ እዚያ ደርሼ ያየሁ እንዳይመስላችሁ። አልደረስኩም። የደረሰው ሥዕሌ ነው። እሱም ብቻውን አልሄደም፤ የአባቴ ዓይን ተጨምሮበት ነው የሄደው።

ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው፤ ከገበያው ተነሥቶ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ሩቅ አይባልም። ትምህርት ቤቴ ግን ፍኖተ ሰላም ነው። ከአንዲት የደምበጫ ልጅ ጋር ክፍል ተከራይቼ እሰነብትና ቅዳሜ በአውቶቡስ፣ አውቶቡስ ሲጠፋም እህል በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ወደ ቤት እገባለሁ። ሰኞ ማለዳ እመለሳለሁ። ሰዎች "አይደክምሽም?" ይሉኛል። የማይደክመኝ መንገድ ላይ ስሆን ብቻ ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ቅኔውንም ዜማውንም ተምረዋል፤ አገር የሚያውቃቸው ግን በሥዕላቸው ነው። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ወይም የአሮጌው ግድግዳ ሲታደስ የሰበካው ሽማግሎች ይመጡና ደጃችን ላይ ይቀመጣሉ። አባቴ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን አቡጀዲ እቤት ወጥረው ይሥሉበታል፤ ካለቀ በኋላ ተጠቅልሎ ይሄድና በሙጫ ይለጠፋል። እኔ በሴቶች በር በኩል ካለው በቀር የተለጠፈውን አይቼው አላውቅም። ሲሣል ግን ከጎናቸው ነበርኩ። ቀለሙን በድንጋይ የምፈጭ እኔ ነኝ። ከቆዳ የሚቀቀለውን ሙጫ፣ ያን ለአፍንጫ የሚከብድ ነገር፣ እሳት ዳር ቆሜ የማማስል እኔ ነኝ። ቀለሙ የሚቀመጥበትን ቅል ይዤ በግራቸው እቆማለሁ። ሰዓቱ አይገፋም። አንዱን እግሬን አሳርፌ በሌላው እቆማለሁ፣ ደግሞ እለውጣለሁ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ከሥዕሉ ሳይነቅሉ "እሜቴ፣ መሬቱ ፈጀሽ?" ይሉኛል።

በዚህ የተነሣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የአባቴ ፊት የግራው ግማሽ ነው። አንድ ጆሮ፣ አንድ ቅንድብ፣ አንድ ዓይን፣ ጥምጣማቸው ውስጥ የተረሳች ቡርሽ።

አንድ ሕግ አለ፤ በእኛ አገር ሁሉም ስለሚያውቀው አይነገርም፣ የማያውቅ ካለ ግን ልንገረው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አድርጎ በሁለት ዓይኑ ያያል። ሰማዕቱ ሲጋልብ እንኳ ፈረሱ ነው ወደ ጎን የሚሮጥ፤ ጋላቢው ፊቱን ወደ እኛ መልሷል። ወደ ጎን ዞረው አንድ ዓይን ብቻ የሚሣልላቸው ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች፣ ሰይጣንና ኩነኔ የወረዱት ናቸው። ፊደል የማይቆጥር ሰው ሥዕሉ ፊት ቆሞ ማን እንደዳነ፣ ማን እንደጠፋ በዓይን ይለያል። አባቴ ቡርሻቸውን እንዳነሡ "ይኸኛውስ ስንት?" ብለው ይጠይቁኝ ነበር።

"አንድ።"

"ለምን?"

"ስለሸጠው።"

"ጎሽ። ቅሉን ቀና አድርጊው፣ ፈሰሰ።"

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ፣ አዲስ አበባ ሥዕል የተማረ ወጣት ሊያስተምረን ተመድቦ መጣ። ጠባብ ሱሪ የሚለብስ፣ ጭቃ የሚፈራ፣ ሲደሰት ምላሱ የሚተሳሰርበት ሰው ነበር። አንድ ቀን ወፍራም የሥዕል መጽሐፍ ይዞ ክፍል ገባና በሌላ አገር፣ ከባሕር ጫፍ ላይ፣ አንዲት ከተማ እንዳለች ነገረን። በየሁለት ዓመቱ ከዓለም ዙሪያ ያሉ ሠዓሊዎች ሥራቸውን ወደዚያች ከተማ ይልካሉ። የድሮ ሥዕል አይደለም፤ አሁን ያለ ሰው፣ አሁን አስቦ የሠራው ነው። ትልልቅ አዳራሾች አሉ፣ መስኮቶቻቸው ወደ ባሕሩ ነው፤ እያንዳንዱ አገር የራሱ ግድግዳ ይሰጠዋል። ሕዝቡ ለወራት እየተመላለሰ ያያል። ከዚያ ሁሉም ይወርዳል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ ይሰቀላል።

"ባሕር ዳርን ነው የሚሉ?" አለ ከኋላ አንዱ፣ ክፍሉ ሳቀ።

አስተማሪው መጽሐፉን ዞር እያደረገ አሳየን። አንደኛው ገጽ ላይ እርስ በርሱ የተበየደ የብረት ክምር ነበር።

"ይኸማ የወላለቀ ማረሻ ነው!" አለ ያው ልጅ። "የኔ አባት ጓሮ ስንት ኤግዚቢሽን አለ መሰልዎ።"

ሌላ ገጽ ላይ ነጭ ሸራና አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ አስተማሪው ቀይ ነው አለን። ልጆቹ ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። መስመሩ አልነበረም የገረመኝ፤ ከመስመሩ ጎን በመስኮቱ የሚታየው ነገር ነበር። ባሕሩ። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ባሕሩ ምንም አይመስልም፣ ግራጫ ብቻ ነው፤ ግን ማለቂያ አልነበረውም።

አስተማሪው በዚህ ዓመት አገራችንም እንደምትልክ፣ አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ደግሞ ከየክፍለ ሀገሩ የወጣት ሥራ እንደሚፈልጉ ተናገረ። "ያየሽውን ሣዪ፣ የተነገረሽን አይደለም" አለኝ፤ ለክፍሉ ቢናገርም ለእኔ እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። የአባቴን ሥራ ሰምቷል።

ያን ጊዜ ነው የወሰንኩት። እኔ መሄድ ካልቻልኩ እጄ የሠራው ይሂድልኝ። አንድ ነገር፣ ማንም ያላዘዘኝ፣ ማንም ያላረመልኝ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእኔ የሆነ ነገር ከዚህ ወጥቶ ያን ግራጫ ባሕር ይይ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ቅዳሜ ለአባቴ ነገርኳቸው።

"ማን ይነግሣል?" አሉኝ።

"ማንም አይነግሥም አባባ።"

"ታቦት ይወጣል?"

"አይወጣም።"

"ታዲያ ለምን ይሰበሰባሉ?"

"ለማየት።"

"ለማየት ብቻ? ካዩስ በኋላ?"

"ያወርዱትና ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ያያሉ።"

አባቴ አሰቡበት። "እኔ የሰቀልኩትን ያወረደ እንደሆነ እንጃለት" አሉ፤ ቢሆንም ከተረፈው አቡጀዲ ቀደው ሰጡኝ፣ ከሥዕሉ ሥር የሚሆነውን ነጩን መደብ ራሳቸው ቀቡልኝ። ምን እንደምሥል አልጠየቁም። ሰማዕት እንደምሥል ገምተው ነበር መሰለኝ።

የሣልኩት እሳቸውን ነው። ለአገልግሎት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እየጠበቅሁ፣ ሲመለሱ ሸራውን ወደ ግድግዳ እያዞርኩ፣ ብዙ ቅዳሜና እሑድ ሠራሁ። አቡጀዲው ላይ ሲሥሉ፣ ከግራቸው ቆሜ እንደማያቸው። አንድ ጆሮ፣ አንድ ቅንድብ፣ አንድ ዓይን፣ ጥምጣሙ ውስጥ የተረሳችው ቡርሽ። መደቡን የእሳቸውን ቀይ አደረግሁት። ጥሩ እንደሆነ አውቄ ነበር። እንዲህ ሲባል ደስ የማይላቸው አሉ፤ ሴት ልጅ የሠራችውን ጥሩ ነው አትልም። እኔ እላለሁ። ጥሩ ነበር።

መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። ቤቱን ልትጠርግ ሸራውን መለስ አድርጋው ኖሯል፣ ጩኸቷን ከውጭ ሰማሁ።

"ውይ በሞትኩት! ባሌን ከይሁዳ ጋር ደመረችው!"

"ማንንም ከማንም አልደመርኩም፣ እማ።"

"አንድ ዓይን! አንድ ዓይን አደረገችው! ምን በደለሽ? ቀለብ ከለከለሽ? ትምህርት ከለከለሽ?"

እኔም አፌ አያርፍም። "ከጎን ሲታዩ እንዲህ ነው የሚታዩ፤ አንቺም ከጎን ስትታዪ እንዲሁ ነሽ" አልኳት። እሷም "እኔን ደግሞ ሳትሥዪኝ ውጪልኝ!" አለችኝ። በዚህ መሐል አባቴ ገቡ።

ቆመው አዩት። ከዚያ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና "እጁን አውቀሽበታል" አሉ። "ቡርሽ የያዘውን እጅ።" ቀጥለው ደግሞ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ "ያስቀየምኩሽ ነገር አለ?" አሉኝ።

ከእናቴ ጩኸት ይልቅ ይህ ነው የባሰብኝ። "የለም፣ አባባ። ያየሁትን ነው የሣልኩ።"

"ሁለተኛው ዓይኔ የት ሄደ?"

"አለ። በወዲያ በኩል ነው፣ አይታይም እንጂ።"

"ለማን ነው የማይታይ?"

"ለእኔ። በግራዎ ስለምቆም።"

"እግዚአብሔርም በግራዬ ነው የሚቆም?"

መልስ ሲጠፋኝ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። "እዚያ ይህን ሕግ የሚያውቅ የለም" አልኩ። "ፈረንጅ ነው የሚያየው። ከጎን የተሣለ ሰው ነው ብሎ ያልፋል።"

"እኔ ግን አውቃለሁ" አሉ አባቴ። "በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ሰው ፊት፣ ኃጥእ ሆኜ ተሰቅዬ ልክረም? ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን እንዲህ ስለይ ኖሬ?" ወደ ሸራው ተጠጉ። "ዓይኑን ጨምሪለትና ይሂድ። አልከለክልሽም።"

"ቦታ የለውም። ፊቱ ዞሯል።"

"ለጻድቅ ዓይን ቦታ ይፈለግለታል።"

"አልጨምርም።"

"እንግዲያው ከዚህ ቤት አይወጣም።"

እንስራውን አንሥቼ ወደ ወንዝ ወረድኩ። ውኃ አላስፈለገንም ነበር። መንገዱን ሁሉ ብቻዬን እያወራሁ ወረድኩ፣ እያወራሁ ወጣሁ። አውቶቡሱ ሰኞ ማለዳ ነው፣ አስተማሪው ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ይዞት ይሄዳል፤ ካለፈ ለሁለት ዓመት አለፈ ማለት ነው። ሁለት ዓመት! እኔ ሁለት ደቂቃ መቆም የማልችል ሰው።

ስመለስ አባቴ በር ላይ ተቀምጠው ቡርሽ ያጥባሉ። ገብቼ አየሁ።

ዓይኑን ጨምረውታል። በጆሮውና እኔ በሣልኩት ዓይን መካከል፣ ጉንጩ ላይ፣ ቦታ ፈልገውለታል። የእሳቸው የቤተ ክርስቲያን ዓይን ነው፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ዙሪያው በወፍራም መስመር የተከበበ። የኔው ዓይን ወደ ሥራው ያያል፤ የእሳቸው ዓይን በቀጥታ ወደ እኔ ያያል። ከጎን የተሣለ ፊት፣ ሁለት ዓይን በአንድ ጉንጭ። ዓሣ እንኳ እንዲህ አይሆንም።

ጮኽሁ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ እናቴ "ጎረቤት ይሰማል" ስትል ብቻ ትዝ ይለኛል። አባቴ ቡርሹን አራግፈው "አሁን ወደፈለገበት ይሂድ" አሉ። ምንም ክፋት ፊታቸው ላይ አልነበረም። የዳኑ ሰው ይመስሉ ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ሰኞ ማለዳ ሥዕሉን ጠቅልዬ ወጣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ትንሽ ቢላዋ አኖርኩ። ፍኖተ ሰላም እንደደረስኩ፣ ሳያዩኝ፣ ዓይኑን ልፍቀው። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ከቡሬ ትንሽ እንደወጣን አውቶቡሱ ጭቃ ያዘው። ወንዶቹ ሊገፉ ወረዱ፣ ሴቶቹ ሸቀጣችንን ይዘን ዳር ቆምን። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጥቅሉ ረጥቦብኝ እንዳይሆን ፈርቼ ፈታሁት። ነጭ ሽንኩርት የምትነግድ አንዲት ወፍራም ሴት አንገቷን አስግጋ አየች።

"ምንድን ነው እሱ? ቅዱስ ነው?"

"አባቴ ናቸው።"

"እና ዓይናቸው ምን ሆኖ ነው?"

"ተዪው እቴ።"

አልተወችውም። ከጎኗ ያለችውን ጠራች። "ነይማ እይ፣ የዚችን አባት! ወዲያ ዞረው ሥራቸውን የሚሠሩ ይመስላሉ፣ በዚህ በኩል ግን ልጅቷን ይጠብቃሉ።" ጓደኛዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። "የኔ አባት ኖሯል ለካ! ጀርባውን ሰጥቶኝ ከማን ጋር እንደቆምኩ ያውቅ ነበር።" ሦስተኛዋ ደግሞ "እንዲህ ያለ አባት ይዘሽ ፍኖተ ሰላም ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ? እያዩሽ እኮ ነው!" አለች። የሚገፉት ወንዶች ሳይቀሩ ጭቃቸውን ይዘው መጥተው አዩ። ሁሉም አባቱን አማ።

እኔ ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ሳቄ መጣ። እንደገና ሳየው ዓይኑ በእርግጥም እኔን ይከተላል፤ ወደ ቀኝ ብል ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ብል ወደ ግራ። "መሬቱ ፈጀሽ?" የሚለኝ ነው የመሰለኝ። ጠቅልዬ አሰርኩት። ቢላዋው ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ልቤ ገና አልቆረጠም።

አስተማሪው ሥዕሉን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና ምላሱ ታሰረ።

"ይ... ይህን ማን አሳየሽ?"

"ምኑን?"

"ዓይኑን! ሁለቱን ዓይን በአንድ ጎን!" ያን ወፍራም መጽሐፉን አምጥቶ ገለጠ። እኔ ያላየሁት ገጽ ነበር። የሆነ ፈረንጅ ሠዓሊ አንዲትን ሴት ከጎን ሥሎ ሁለቱንም ዓይኗን በአንድ ጉንጭ ላይ አድርጓል። "እዚያ ያሉት ታላላቆቹ እዚህ ለመድረስ ስንት ዘመን እንደፈጀባቸው ታውቂያለሽ? አንቺ ከቡሬ ተነሥተሽ..."

"እኔ አይደለሁም። አባቴ ናቸው የጨመሩት።"

"መሪጌታ ይህን መጽሐፍ አይተዋል?"

"የት አይተው? ኩነኔ ፈርተው ነው።"

ሕጉን ነገርኩት። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድለት ፊቱ ተለወጠ። "ስሚ" አለኝ፣ "ይህን ለማንም አትናገሪ። የሚጠየቀው የአንድ ሰው ሥራ ነው። ያንቺ ነው በይ።"

"የእኔ አይደለማ።"

"ዓይን ብቻ እኮ ነው።"

"እንግዲያው እፍቀዋለሁ" ብዬ ቢላዋውን አወጣሁ። እጄን ያዘኝ።

"ብትፍቂው" አለ፣ "ደህና ሥዕል ይሆናል። ደህና ሥዕል ግን እዚያ ሞልቷል። ማንም አይቆምበትም።"

እስከ ዛሬ ከዚህ የከፋ ቃል የተናገረኝ ሰው የለም። ቢላዋውን እንደያዝኩ ወዲያ ወዲህ ተመላለስኩ፤ ክፍሉ ጠበበኝ። የእኔ ብቻ የሆነ ነገር ነበር እንዲሄድ የፈለግሁ። ብፍቀው የእኔ ብቻ ይሆናል፣ ላይሄድም ይችላል። ብተወው ይሄዳል፣ የእኔ ብቻ ግን አይሆንም። ቀና ስል ዓይኑ ያየኛል። በሴቶቹ ፊት የሳቅሁበትን ዓይን በጓዳ ልፍቅ? እንደ ሌባ? ቢላዋውን መለስኩና እርሳስ ጠየቅሁት። በሸራው ጀርባ ስሜን ጻፍኩ፤ ከስሜ በታች "ሁለተኛው ዓይን የአባቴ ነው" ብዬ ጨመርኩ።

"እሱን አጥፊው" አለኝ።

"ወይ እንደዚህ ይሄዳል፣ ወይ ይዤው እመለሳለሁ።"

እያጉረመረመ ጠቀለለው። ማክሰኞ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አልወደውም። ሥዕሉ መጀመሪያ አዲስ አበባ ተመረጠ ተባለ፤ ቀጥሎ ወደብ ወርዶ መርከብ ላይ ተጫነ ተባለ። አስተማሪውን ባገኘሁት ቁጥር "ደረሰ?" እለዋለሁ። "መርከብ እኮ የቡሬ አውቶቡስ አይደለም" ይለኛል። ጂኦግራፊ ላይ ካርታውን ከፍቼ በጣቴ እሄዳለሁ። ባሕር በሕልሜ ላይ ይመጣልኝ ብዬ እተኛለሁ፤ የሚመጣልኝ ጢስ ዓባይ ነው፣ አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት ጋር ሄጄ ያየሁት። እሱን ብቻ ነው ልቤ የያዘው፤ ጣናንም ያን ቀን አይቼው ነበር፣ ግን ተኝቷል። ጢስ ዓባይ ቢያንስ አይቀመጥም።

በሚቀጥለው ዓመት አስተማሪው ከአዲስ አበባ አንድ የታተመ ወረቀት ይዞ መጣ፤ የትርዒቱን አዳራሽ የሚያሳይ ነው። ከደረጃው አጠገብ፣ ከበሩ ገባ ሲሉ፣ ሥዕሌ ተሰቅሏል። ፊት ለፊቱ ሰዎች ቆመዋል፣ አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ሴት አንገቷን ዘመም አድርጋ ታየዋለች። "ምን ይላል? ቶሎ ይበሉ፣ ምን ይላል?"

እየተረጎመ አነበበልኝ። በጀርባው የጻፍኩትን የሥዕሉ ርእስ አድርገውታል። "የአባቴ ሁለተኛ ዓይን።" ወጣቷ ሠዓሊ የአውሮፓን አዲስ አሣሣል በሚገባ አጥንታለች፣ ያ ዓይን ግን ከሁሉም የሚለይ ነው ይላል። ስለ እጁ ምንም የለም። ስለ ቀዩ መደብ ምንም። ስለ ጥምጣሙና ስለ ቡርሿ ምንም። ዓይኑን ብቻ። ሥዕሌ ባሕሩን አየ፤ ከተማዋ ግን ያየችው አባቴን ነው።

ወረቀቱን ይዤ ቅዳሜ ገባሁ። ልደብቀው አስቤ ነበር፣ ግን ምን ላተርፍ ብዬ ተውኩት። አባቴ ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አድርገው አዩት።

"አለች" አሉ።

"ማን?"

"ዓይኔ።" ጣታቸውን አስጠጉ። "ከጎኔ የተሰቀለው ማነው?"

"ሰው አይደለም። ቀይ መስመር ብቻ ነው።"

"ደህና ጎረቤት ነው፣ አይጣላም።" ወረቀቱን አጠፉት። "እና ምን አሉ?"

"ዓይኑን ወደዱት። የርስዎን። የእኔን ነገር ያነሣ የለም።"

አባቴ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ደስ አላላቸውም። "እጁንስ?" አሉ።

"አላነሡትም።"

"እጁን አላዩትም?" ተቆጡ። "እንዴት ያለ አገር ነው? ያን እጅ ሳያዩ?" ለእናቴ ሁሉ ተናገሩ። ያን ቀን ሙሉ ስለዚያች ከተማ ሰዎች ዓይን ክፉ ሲያወሩ ዋሉ።

ሥዕሉ እስካሁን አልተመለሰም። የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ አስተማሪውም ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ሄዶ የቀረ ነገር ስላለኝ አንዳንዴ እኮራለሁ፣ አንዳንዴ እንደ ሥዕሉ በሆንኩ እላለሁ።

አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፤ ትርዒቱም ዘንድሮ ዓመቱ ነው። አስተማሪው "ላኪ" ብሎ ከአዲስ አበባ ጽፎልኛል። እኔ ሳልነግራቸው አባቴ ናቸው ያስታወሱኝ፤ "ያች የባሕር ከተማ ዓመቷ አልደረሰም?" አሉ፣ ሌላ ነገር የሚያወሩ እያስመሰሉ። አቡጀዲውን ወጥረው፣ መደቡን ቀብተው ጨርሰው ነበር። ደግሞም "በዚህኛው ፊት ለፊት ሣዪኝ" አሉ። "እንዳትቸገሪ እቀመጥልሻለሁ።"

እሺ አልኩ። በርጩማቸው ላይ ወደ በሩ አዙሬ አስቀመጥኳቸው፤ ሸራው በጎን ግድግዳ ላይ ነው። በሩ ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ፣ ወደ ሸራው ሄጄ እሥላለሁ፣ ተመልሼ አያቸዋለሁ። አልሆነም። እኔ ወደ በሩ በተመለስኩ ቁጥር እሳቸው አንገታቸውን አዙረው ሸራው ላይ ቀርተዋል።

"አባባ፣ ወደ እኔ ይዩ።"

"እያየሁ ነው። አፍንጫው ረዘመ።"

"ወደ እኔ!"

"ቀዩን አሳስተሽዋል። ሙጫውን አቀጠንሽው?"

"አባባ፣ ዝም ብለው ይቀመጡ!"

"አንቺ ነሽ እንዲህ የምትይኝ?" አሉ፤ እናቴ ከጓዳ ሳቀች። አንድ ቀን ሙሉ ሞከርን። ለአፍታ ወደ እኔ ያዩና እግራቸውን ያፈራርቃሉ፣ ይቁነጠነጣሉ፣ አንገታቸው ወደ ሸራው ይመለሳል። የሚታየኝ ያው ነው፤ አንድ ጆሮ፣ አንድ ቅንድብ፣ አንድ ዓይን።

እንግዲህ የራሳቸው ጥፋት ነው። አንድ ዓይን ሣልኩ። ሥዕሉ ግን ገና ስላላለቀ እስከ ቅዳሜ ከእሳቸው ጋር ሊሰነብት ነው። ሰኞ ማለዳ ቡርሾቻቸውን ሁሉ፣ ጥምጣማቸው ውስጥ ያለችውን ሳይቀር፣ ለቅሜ በመቀነቴ አሰርኩና ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ። ከበር ላይ ሲጣሩ ይሰማኛል፤ "እሜቴ! ቡርሾቼን!" ዞር አላልኩም።